አማካሪው ሽፈራው ወደ ደሴት ሲሄድ

አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ሻንጣ የሚያነሣ ሐበሻ መጀመሪያ የሚደውለው ለአየር መንገዱ አይደለም፤ ለሽፈራው ነው። ዱባይ የሚሄደው ይደውላል፣ አዲስ አበባ የሚሄደው ይደውላል፣ ለጫጉላ ሜክሲኮ የሚሄዱ ሙሽሮች ሳይቀሩ ይደውላሉ። ሽፈራው የጉዞ ወኪል እንዳይመስላችሁ። ከአንድ ሆቴል ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ የሚያመላልስ የሻትል ሾፌር ነው። ራሱ አውሮፕላን የተሳፈረው ዲቪ ደርሶት ሲመጣና እናቱን ሊቀብር ሲሄድ ብቻ ነው። ያላገባ ሰው ስለ ትዳር ሲመክር አይታችሁ አታውቁም? እንደዚያ ነው።

ግን ያውቃል፣ አትሳቁ። ሌላው ሾፌር በእረፍቱ ኳስ ሲያይ እሱ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የመንግሥትን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ያነባል። የትኛው አገር ትንኝ እንደበዛ፣ የቱ ጋ ውሃ ከቧንቧ እንደማይጠጣ፣ የት ታክሲ ሳይስማሙ እንደማይገባ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። «ፓስፖርትህ ስንት ወር ቀርቶታል? መመለሻ ቲኬት ይዘሃል? ወርቅሽን ቤት ትተሽው ሂጂ። ስልኬን ፎጣ ሥር ደብቄ ዋኘሁ እንዳትል፤ ሌባው ፎጣ ማንሣት አያቅተውም።» ምክሩን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋናዋን ይናገራል፤ «በገዛ እጅህ ያላሸግኸውን ነገር ሻንጣህ ውስጥ አታስገባ። የእናትህም ቢሆን።»

ይህችን የመጨረሻዋን ታዲያ ራሱ አንድም ቀን ጠብቋት አያውቅም። ሰውየው ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለበት። «እምቢ» የምትለው ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሳ ትመለሳለች። አንዱ ሶፋ ገዝቶ ማድረሻ ሲያጣ ሽፈራው ቫኑን ይዞ ይመጣል። የሌላው አክስት በአውቶቡስ ስትመጣ የሚቀበላት እሱ ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ጭኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያደርስ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ጥቅልል አብሮ ተሸክሞ «እባክህ ይህችን ብቻ» እያለ መንገደኛውን የሚለምነውም ያው ራሱ አማካሪው ነው። ሚስቱ ገነት ዌስተርቪል ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሲደክማት ምላሷ ስለት ይሆናል። «ሽፌ፣» ትለዋለች፣ «እኔ እኮ ያገባሁት ባል መስሎኝ ነው፤ ለካስ የጭነት መኪና ኖሯል።»

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ናርዲ። ይህን ሁሉ እያየች አደገች። የሃይስኩል ምረቃዋ ቀን ሽፈራው የደረሰው ኮፍያው ተወርውሮ፣ ፎቶው ተነሥቶ፣ ሰው መኪናውን ማስነሣት ሲጀምር ነው። የማን እንደሆነ አሁን የማያስታውሰውን ፍራሽ ሲያደርስ ቆይቶ ነበር። ናርዲ አላለቀሰችም። ነገሩን ቀልድ አደረገችው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አባቢና ፍራሹ» እያለች ታወራለች፣ እንግዳውም ይስቃል፣ ሽፈራውም ይስቃል። ልጅ ያመማትን ነገር ቀልድ ስታደርገው ግን አባት መሳቅ አልነበረበትም። ይህን ሽፈራው ዘግይቶ ነው ያወቀው።

ዛሬ ናርዲ ፋርማሲስት ናት፤ ሾርት ኖርዝ የሚባል ሰፈር አፓርታማ ተከራይታ ትኖራለች። እጮኛዋ ሩፋኤል የሚባል ጨዋ ልጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ይመታል። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሁለቱ ዌስተርቪል ወዳለው የእነ ሽፈራው ቤት መጡና ሠርጋቸው ካሪቢያን ባሕር ላይ ባለች አንዲት ደሴት እንደሚሆን ተናገሩ። የደሴቲቱን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ነገ ቲኬት ትቆርጣላችሁ። የእንግሊዝ ግዛት ናት፣ ሙቅ ናት፣ አሸዋዋ ነጭ ነው፣ ይበቃችኋል። ሠርጉም ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚጠራበት።

ገነት ያለ ጎረቤት የሚደረግ ሠርግ እንዴት ሠርግ ይባላል ብላ ትንሽ አኮረፈች። ሽፈራው ግን ስልኩን አወጣ። «የካቲት ይሁን፤» አለ ወዲያው። «ከሰኔ እስከ ኅዳር አውሎ ነፋስ አለ።» ቀጥሎ ስለ ትንኝ ተናገረ፣ ስለ ፀሐይ ተናገረ፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ ገባ። ሰውን ከዳር ይዞ ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ አለ፤ ሲይዝህ ፊት ለፊት ከታገልከው ይጨርስሃል፣ ወደ ጎን ነው መዋኘት። ለማሳየት ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኛና ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ ወደ ጎን ዋኘ። ዋና አይችልም እኮ። ሩፋኤል እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሶ «እሺ ጋሼ፣ ገብቶኛል፣ ይነሡ» ይላል።

ናርዲ አልሳቀችም። አባቷ ሸሚዙን እያራገፈ ሲነሣ አጠገቡ መጥታ ቆመች። እሷ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስለት፤ ያን ቀንም በእንግሊዝኛ ነበር።

«አባቢ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። የራስህን ሻንጣ ብቻ ይዘህ ና። የማንንም ዕቃ እንዳትይዝ፣ ማንንም እንዳታደርስ። አንድ ቀን የእኔ ብቻ ሁን።»

«ፍራሽ አላመጣም» አለ ሽፈራው፣ ቀልዱን ለመቀጠል ያህል።

«እየቀለድኩ አይደለም» አለችው።

ያኔ ነው የደነገጠው። ቃሉን ሰጣት።

ወሬ እግር አለው፤ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ሰማ። ደሴት ላይ ደግሞ ማን ሐበሻ አለ እንዳትሉ፤ ሐበሻ የሌለበት ደሴት ካለ ውሃ ውጦታል ማለት ነው። ገብረኪዳን እዚያ ሆቴል ወጥ ቤት የሚሠራ የወንድም ልጅ አለው፤ ጫማ ሊልክለት መጣ። ሔርሞን ለጓደኛዋ በርበሬ ልትልክ መጣች፣ «ትንሽ ናት ጋሼ፣ አትከብድም» እያለች። ሽፈራው እምቢ ማለትን ሻትሉ ውስጥ ባዶውን ሲነዳ ተለማምዶ ነበር፤ በመስታወቱ ራሱን እያየ «አዝናለሁ፣ አልችልም» ይላል። እነሱ ፊት ሲቆም ላብ አጠመቀው፣ ጆሮው ቀላ፣ ግን አለው። ገብረኪዳን ጆሮውን ስለተጠራጠረ እንደገና አስባለው።

ገነት ከናርዲ ጋር ቀድማ ሄዳለች፤ ሽፈራው ሺፍቱን የሚሸፍንለት ስላጣ ከሠርጉ በፊት በነበረው ቀን ነው የሚበረው። ገነት ከዚያ ደወለችለት።

«ስንቱን እምቢ አልክ?»

«ሁሉንም።»

«በስመ አብ፣ ታመሃል እንዴ?» አለችና ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ልጅህ እየጠበቀችህ ነው፣ ሽፌ።»

በነጋታው ትንሿን ሻንጣ እየጎተተ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሲደርስ እትዬ ኑራ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ጭናቸው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አለ።

እትዬ ኑራን ሳላስተዋውቃችሁ ማለፍ ነውር ነው። እነ ሽፈራው በዲቪ የመጡት በጥር፣ በስስ ሹራብ ነበር። መጀመሪያ የተከራዩት ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱን ነው፤ እትዬ ኑራ ከጎናቸው ነበሩ። ትንሿ ናርዲ በረዶው ላይ ስትንቀጠቀጥ በመስኮት አይተው የገዛ ልጃቸውን የፍርዶስን ካፖርት አምጥተው አለበሷት። ፍርዶስ ያን ክረምት ሁለት ሹራብ ደራርባ ነው ትምህርት ቤት የሄደችው። ይህን የመሰለ ውለታ በምን ይመለሳል? ሽፈራው ሲመልስ ኖሯል፣ አላለቀለትም። ያቺ ፍርዶስ አሁን እዚያችው ደሴት ላይ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯም ገብቷል። እናትየው ጉልበታቸው ታሞ ሐኪም አውሮፕላን ከልክሏቸዋል።

«ሽፈራው፣» አሉት፣ «ሰውን ሁሉ እምቢ ማለትህን ሰምቻለሁ። ደግ አደረግህ፣ ማሻ አላህ። ይሄ ግን ዕቃ አይደለም። የአራስ ገንፎ ነው፤ ዱቄቱም ቅቤውም አብሹም አለበት።»

«እትዬ ኑራ፣ እህልና ቅቤ አያስገቡም እኮ። አንብቤዋለሁ።»

«ገንፎ ነው ልጄ፣ ቦምብ መሰለህ?»

«ለናርዲ ቃል ገብቼላታለሁ።»

እትዬ ኑራ አልተቆጡም። መቆጣት ቢቆጡት ይሻለው ነበር። «ልክ ነህ፤ አልጫንህም» አሉ፣ ጥቅልሉን ግን አልሰበሰቡትም። «ያለ እናት ነው የምትወልደው። ምን ልበል፣ አደራህን።»

አደራ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ሰው ገንዘብ ቢበላ ይከፍላል፤ አደራ የበላ ግን ስሙ እስከ ልጅ ልጅ ይጠራል። የሽፈራው አፍ «አይ» ሊል ተከፍቶ ነበር፤ እጁ ቀድሞት ተቀበለ። እትዬ ኑራ መርቀውት ጉልበታቸውን ይዘው ሄዱ፣ እሱም ጥቅልሉን ሻንጣው ውስጥ ከተተና ራሱን እየረገመ ወደ ውስጥ ገባ።

አሁን የፈጣሪን ቀልድ ስሙ። ከደሴቲቱ አውሎ ነፋስ ለመሸሽ የካቲትን የመረጠው እሱ ነው፤ የካቲት ደግሞ ኦሃዮ በረዶ ነው። አውሮፕላኑ የክንፉን በረዶ ሲያጥቡለት፣ እንደገና በረዶ ሲይዘው፣ እንደገና ሲያጥቡለት ዋለ። ማያሚ ላይ የሚቀይረው በረራ ጥሎት ሄደ። ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ አድሮ ደሴቲቱ ላይ ሲያርፍ የሠርጉ ቀን ነው፣ ቀኑም ተጋምሷል። ሠርጉ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ባሕሩ ዳር ላይ ነው።

ፓስፖርቱን ማኅተም መትተው አሳለፉት። ጉምሩክ ጋ ሲደርስ ሁለት መውጫ አገኘ፤ አንዱ የሚያስመዘግበው የሌለው ሰው ዝም ብሎ የሚያልፍበት ነው። ማን ያየዋል? ሻንጣዋ ትንሽ፣ ፀጉሩ ሽበት፣ ፊቱ የዲያቆን ፊት። ነገር ግን ለስንቱ መንገደኛ «ያለህን ተናገር፣ አትደብቅ» ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ጌታውንም ይፈራል። ወደ ተቆጣጣሪዋ ሄደ።

ተቆጣጣሪዋ ረዥም፣ ፈገግ ያለች ሴት ናት። «ሁሉንም ያሸግከው ራስህ ነህ?» አለችው።

«ይህቺ የእኔ አይደለችም» አለና ጥቅልሉን አወጣ። ያን ሁሉ ዘመን ለሰው የመከረው ምክር ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ።

ሴትየዋ ፈታችው። ዱቄቱን አሸተተች፣ ቅቤውን በብርሃን አየችው፣ አብሹን በጣቷ ነካች። ክፉ አይደለችም። ዝም ብላ ልታሳልፈው እንደማትችል ነገረችው። የእርሻ ተቆጣጣሪው ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ከጠበቀው ቅቤው መቅረቱ ነው፣ ዱቄቱና አብሹ ግን ምናልባት ያልፋሉ። መጠበቅ ካልፈለገ እዚያው ማስወገጃው ውስጥ ጥሎ አሁኑኑ መሄድ ይችላል።

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሲመጣ ነዋ» አለችው። ደሴት ነው፣ ሰው አይቸኩልም።

ሽፈራው ቆመ። በአንድ በኩል አደራ አለ፣ ያውም የእትዬ ኑራ፣ ያውም ለወላድ። መጠበቅ ብቻ ነው የሚፈለግበት፤ መጠበቅ ደግሞ ያውቅበታል፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጠብቅ ነው የኖረው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ናርዲ ናት፤ «አባቢ?» ብላ ጽፋለች፣ ሌላ ምንም የለውም። ገባው፤ ልጅቷ ገና ካሁኑ ቀልዱን እያዘጋጀች ነው። አባቢና ፍራሹ፣ አባቢና ገንፎው። ዛሬ ማታ እንግዶቿ ፊት ትናገረዋለች፣ ሁሉም ይስቃል፣ ከዚህ ቀን ወዲያም ምንም ነገር አትጠይቀውም።

ጥቅልሉን አነሣ። ሴትየዋ «እኔ ልጣልልህ» ስትለው «አይ፣ የተቀበልኩት በእጄ ነው» አላት። ዱቄቱን ጣለ፣ አብሹን ጣለ፣ የቅቤውን ብልቃጥ እንዳይሰበር ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ነጠላውን መልሰው ሰጡት፤ አጥፎ ሻንጣው ውስጥ ከተተው። ዕንባው መጣ። እዚያ ቁም ነገረኛ ሽማግሌ ለዱቄት ሲያለቅስ ያየች ሴት ምን ትበል፤ «በጣም ውድ ነበር?» አለችው።

«የራሴ ቢሆን አላለቅስም ነበር» አላት።

ታክሲ ያዘ፤ ዋጋ ሳይስማማ ገባ፣ ሰው ሁሉ እንዳያደርገው የሚመክረውን። መንገዱ ላይ ባሕሩ እያብረቀረቀ አለፈ፣ ዞር ብሎ አላየውም።

ሆቴሉ በር ላይ ጥላ ሥር ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ ሆዷ የገፋ፣ የክት ልብስ የለበሰች ሴት አየ። ፍርዶስ ናት፤ ናርዲ ጠርታት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በጓሮ ይዞር ነበር፤ ሽፈራው ግን ሻንጣውን አስቀምጦ ፊቷ ቆመ።

«ፍርዶስዬ፣ የእናትሽን አደራ በላሁ። ገንፎሽን ኬላው ላይ ጣልኩት።»

ፍርዶስ አፏን ያዘች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሰች መስሎት ደነገጠ፣ ለካስ ሳቅ ነው።

«ጋሼ፣ እናቴ በፖስታ የላከችው ሁሉ የሚገባው እዚያው ማስወገጃ ውስጥ ነው እኮ። አንድም ደርሶኝ አያውቅም። እንዳታዝን ብዬ ሁልጊዜ 'ደርሶኛል፣ ጣፈጠኝ' እላታለሁ።» ዓይኗን ጠረገች፤ አሁን ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ ነበር። «ዕቃ ትልካለች፤ ከሰፈሬ ሰው የመጣልኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ። ሂድ፣ ግባ፣ ልጅህ መስኮት ላይ ተተክላ ዋለች።»

ገነት ኮሪደሩ ላይ ሱፉን በመስቀያ ይዛ ጠበቀችው። ሻንጣውን ከእጁ ተቀብላ አየችው፤ አንድ ሻንጣ ብቻ። ምላሷም ስለቱም የት እንደሄዱ እንጃ። ኮቱን አለበሰችውና በሩን ከፈተችለት።

ናርዲ ነጭ ለብሳ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ዞር አለች።

ሽፈራው የሚለውን ታክሲው ውስጥ ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው፤ ሁሉም ጠፋበት። አንዲቱን ብቻ ተናገረ። «ቃሌን አፍርሼ ነበር። የእትዬ ኑራን አደራ ተቀብዬ ነበር። ከምጠብቅና አንቺ ጋ ከማረፍድ ብዬ ጣልኩት።»

ልጅቷ እትዬ ኑራ ማን እንደሆኑ ታውቃለች፤ አደራ ምን እንደሆነም፣ እንግሊዝኛዋ ቢበዛም፣ ከእሱ ነው የተማረችው።

«የእትዬ ኑራን? ጣልከው? ለእኔ?»

«ጣልኩት።» ሠርግ ቤት ባዶ እጁን የገባ አባት እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ አፈረ፣ የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ሁለቱን መዳፎቹን ፊቷ ዘረጋ። «ምንም አልያዝኩም፣ ልጄ።»

ናርዲ ሁለቱንም ያዘቻቸው። አጥብቃ ያዘቻቸው፣ ቀለበቷ ጣቱን እስኪያመው። ስትናገር የሰማቻት ገነት ትመሰክራለች፤ ያን ቀን የመለሰችለት በአማርኛ ነው።

«ሁለቱን እጅህን አንድ ላይ ይዤ አላውቅም ነበር፣ አባቢ። አንደኛው ሁልጊዜ የሰው ነበር።»